ስለ ተበላሸ ትዳርና ስለ ጸጸት አጭር ልብወለድ ለሚጽፉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከዚያም ወዲያ ካሉ ሰፈሮች ረቂቃቸውን ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚጽፉት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ፈረሰ ትዳር፣ ስለ ተቀያየመ ወንድማማች፣ "ምነው ያኔ" ስለሚያሰኝ ቁጭት። ጥያቄዎቻቸውም ይመሳሰላሉ። እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግሜ የምጠየቀውን ነው። መልሱ ረቂቅ ሲያነብ የሚውል ሰው አስተያየት ነው፤ ሕግ በሚነካበት ቦታ ግን ሕጉን እንዳለ አስቀምጫለሁ።

ገጸ ባሕሪዬ መጸጸቱን አንባቢ እንዴት ያውቃል?

ከሁሉ በፊት "በጣም ተጸጸተ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት። ረቂቆቹ ላይ የተጸጸተ ሰው ያለቅሳል፣ ግድግዳ በቡጢ ይመታል፣ ዝናብ ይወርድበታል። ለዝናብ የሚያዝን አንባቢ የለም። አንባቢ አንጀቱ የሚላወሰው በሩ ክፍት የነበረበትን ደቂቃ በዓይኑ ሲያይ ነው። ሰውየው ስልኩን ሊያነሳ ይችል ነበር፤ አየውና ገልብጦ አስቀመጠው። ሴትዮዋ ታክሲው ሳይሞላ ልትወርድ ትችል ነበር፤ ለወያላው ሂሳብ ስለከፈለች ብቻ ቁጭ አለች።

"እናቱ ሞተችበት፣ ስለዚህ ተጸጸተ" ኀዘን ነው፤ ታሪክ ገና አልሆነም። እናቱ ረቡዕ ደውላ "ቅዳሜ ብቅ በል" ስትለው "መንገዱ ይዘጋጋል እማዬ፣ ለበዓል እመጣለሁ" ብሏት ከሆነ ግን ታሪክ በእጃችሁ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። መንገዱም በእርግጥ ይዘጋጋል። ምክንያቱ እውነት መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው፤ ምክንያቱ ውሸት ቢሆን ጥፋቱን አምኖ ይገላገል ነበር።

ያንን ደቂቃ የት ታስቀምጡታላችሁ? ቀደም ብላችሁ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጋችሁ። ከረቂቁ ሲሶ ላይ፣ በሌላ ሥራ መሀል ይለፍ። ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ካርድ እየተሞላ፣ ልጅ ጫማ እየተደረገለት። "ይህ ውሳኔ ሕይወቱን እንደሚለውጠው አላወቀም ነበር" የምትል ዓረፍተ ነገር ከገባች አለቀ፤ አንባቢውን በክርኑ ጎሸም ማድረግ ነው።

ታሪኩ ለምን ዳር ላይ ይሁን? ቦሌ ወይም ፒያሳ ቢሆን ምን ይለወጣል?

ብዙ ይለወጣል። ይህንን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው፣ የዳር ሰፈር ጸሐፊዎች ራሳቸው ያላቸውን ሀብት ትተው ባለታሪኮቻቸውን ቦሌ ካፌ ስለሚያስቀምጧቸው ነው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ያደገ ልጅ ስለ ሆቴል ሎቢ ይጽፍልኛል። ለምን?

በመሀል ከተማ የድሮ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም አይልም። አንዷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ምን ሆናችሁ?" እያለች ትገባለች። ቡናው እዚያው ይፈላል፤ ጠቡ ባይፈታም ሌሊቱን ያልፋል። ከዚያ ለጋራ መኖሪያ ቤት በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበው ሰው ዕጣ ሲደርሰው ወደ ዳር ሄደ፤ በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበውም ተከተለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ የተነሱት ነዋሪዎች ገላን ጉራንና ሌሎች አዳዲስ መንደሮችን ለመዱ። ቤቱ ተገኘ፤ እድሩ ግን ተበተነ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ የምትገባዋ ሴት አሁን ሌላ ብሎክ ውስጥ፣ ምናልባትም ሌላ ክፍለ ከተማ ናት። በአዲሱ ሕንፃ የብሎኬቱ ግድግዳ ሁሉንም ያሰማል፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም። ጎረቤት የሳህን መሰበር ይሰማል፣ የተጣሉትን ሰዎች ስም አያውቅም። ለጸጸት ታሪክ ከዚህ የተሻለ ቤት የት ይገኛል?

ርቀቱን ደግሞ አስቡት። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው ሳይነጋ ይወጣል፣ ሲጨልም ይመለሳል። ሚስቱ ተኝታ ትቶ ይሄዳል፤ ሲመጣም ልጆቹ ተኝተዋል። ይህ ትዳር የሚኖረው በስልክ መልእክት ነው፦ "ጋዝ አልቋል"፣ "የልጁ ትምህርት ቤት ደውሏል"፣ "ካርድ ሙላ"። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች የተጻጻፉትን ወደ ላይ እየጎተቱ ቢያነቡ ከጋዝና ከካርድ በቀር ምንም አያገኙም። ይህንን ትዕይንት የጻፈልኝ ሰው እስካሁን የለም፤ የፈለገ ይውሰደው። ባቡሩም አለ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር ኃይሎች አያት የሚደርሰው። ጠዋት ፉርጎው ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቆ ሲቆም፣ የተፋቱ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ቢገጣጠሙ አንዱም ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ የለውም።

ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ አሁን የሸገር ከተማ በተባለው ዙሪያ ጤፍና ስንዴ ያበቅል የነበረ መሬት ሕንፃ ሆኗል። አባት የወሰደው የመሬት ካሳ ሁለት ወንድማማቾችን ያለያየበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ ሚኒባስ ገዛበት፣ አንዱ ጠጣበት፣ እህት አልተጠየቀችም። ይህንን ከጻፋችሁ ቋንቋውን አትርሱ፤ በብዙዎቹ ቤቶች አባት ሲቆጣም ሲመርቅም በኦሮምኛ ነው። ሁሉንም በአዲስ አበባ አማርኛ ካናገራችሁት ሰውየውን ከቤቱ አወጣችሁት ማለት ነው።

ይህንን ሁሉ ከምትነግሩን አንድ ምሳሌ ጻፉልን።

እሺ። አጠር ያለ ነው፤ ቦታው የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ። ደረጀ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሦስት ወር ማሰቢያ ጊዜ ከሰጣቸው ወዲህ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ሌላ ቤት የሚከራዩበት ገንዘብ እሱም እሷም የላቸውም።

ጀሪካኖቹን ከተካፈሉ ቆይተዋል። ሰማያዊዎቹ የእሱ፣ ቢጫዎቹ የእሷ። ተካፈሉ ያላቸው ሰው የለም። አንድ ሌሊት እሷ የእሱን ትታ የራሷን ሞላች፤ በሚቀጥለው ፈረቃ እሱም እንደዚያው አደረገ፤ ከዚያ ሕግ ሆነ።

ጎማውን ሰክቶ ሰማያዊዎቹን ሞላ። ውሃው ገና አልቆመም። መኝታ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሰናይት ከሆስፒታል የገባችው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ቢያንኳኳ "ውሃ መጣ" ይላል፤ እሷ "እሺ" ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጀሪካን እስኪሞላ ይቆማሉ። እጁን መለሰ። ቢጫዎቹን አንድ በአንድ ሞላ፤ ክዳናቸውን አጠበቀ፤ እጀታቸውን ወደ በሩ አዙሮ ደረደራቸው።

ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ድምፅዋን ከደረጃው ሰማ።

"እትዬ አስካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ ቁልፍ እርስዎ ጋ መሆኑ ጠቀመኝ። የሞተ እንቅልፍ ነበር የወሰደኝ፣ ውሃውን እንኳ አልሰማሁም።"

"ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም ልጄ" አሉ እትዬ አስካለ።

እውነታቸውን ነበር። ሰናይት ግን ትሕትና መስሏት ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ደረጀ የታሰረውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከዚያ "ደህና ይዋሉ" ብሎ በመካከላቸው አልፎ ወረደ። ታች ሰርቪሱ ጥሩምባ እየነፋ ነበር።

እዚህ ላይ አበቃሁ። "ጸጸት" የሚል ቃል የለበትም፤ የደረጀን ስሜት የሚያብራራ መስመርም የለም። ክፍት የነበሩት በሮች ሁለት ናቸው፦ ሌሊት የመኝታ ቤቱ፣ ጠዋት ደግሞ ደረጃው ላይ "እኔ ነኝ" ለማለት የነበረችው ትንፋሽ። እትዬ አስካለ ያሉትን ማናችንም በቀን አሥር ጊዜ እንለዋለን፤ ምስጋና ሲመጣ የምንመልሰው ነው። ከዚህች ጨዋነት የተነሳ አንድ ትዳር ሳይጠገን ሊቀር ይችላል። ከአፋችን የማይጠፉ እንዲህ ዓይነት አባባሎችን አድኑ፤ ከማንኛውም ምሳሌያዊ ንግግር በላይ ይሠራሉ።

ፍቺውን ስጽፍ ሽማግሌ ላስገባ ወይስ ፍርድ ቤት?

ሁለቱም ይገባሉ፤ ግን ማን ምን እንደሚሠራ እወቁ። ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው "ፈትተናችኋል" የሚሉበት ረቂቅ በየጊዜው ይደርሰኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የፍቺን ጉዳይ ያዩ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ሰጠው። የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅ ነው። ባልና ሚስቱ በስምምነት ቢመጡም ዳኛው ከሦስት ወር ያልበለጠ ማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል፤ አንዱ ብቻ አመልክቶ ከሆነም ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው ይችላል።

ይህ ሕግ ለደራሲ ስጦታ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳቸውም አላሸነፉም፣ ሁሉም ነገር ገና ሊመለስ ይችላል። አጭር ልብወለድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ከፍቺው በኋላ ያለውን ብትተዉት ይሻላል።

አዋጁ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ ባለታሪኮቻችሁ ከየካ አባዶ ይልቅ ለገጣፎ የሚኖሩ ከሆነ የሚቆሙበት ፍርድ ቤት ሌላ ነው። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ድልድይ ይህንን ስትለይ በታሪክ ውስጥ ብትታይ አይከፋም። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆኑ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ግን ሁለቱም ወገኖች ፈቃደኛ መሆን አለባቸው። አንዱ ፈቃዱን የሚነፍግበት ትዕይንት ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ኮንዶሚኒየሙስ? የቤት ነገር አሰልቺ አይደለም?

አሰልቺ የሚሆነው የባንክ ደብተር ስታደርጉት ነው። በእኛ ከተማ ፍቅር የሚፈተነው ቤት ላይ ስለሆነ ልታመልጡት አትችሉም። በ20/80 ፕሮግራም ሰው ሃያ በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፣ ሰማንያ በመቶው የባንክ ዕዳ ነው፤ ቤቱን አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይፈቀድም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ደግሞ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፣ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ አስቡት፦ ልባቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች፣ የማይሸጥ ቤት፣ በየወሩ የሚቆረጥ ዕዳ። እዚህ ላይ ዘራፊ፣ ካንሰር ወይም የመኪና አደጋ ለምን ትጨምራላችሁ?

አንድ የማልጠግበው ሐሳብ አለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ በመረጃው ላይ ችግር ተገኝቶ ተሰረዘና በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ ስማቸው የወጣ፣ በሁለተኛው ያልወጣ ባልና ሚስት ይኑሩ እንበል። ያ የደስታ ሌሊት ላይ ባልየው ለዓመታት የደበቀውን ተናዝዞላታል፤ እሷም በዕልልታው መሀል ይቅር ብላዋለች። ዕጣው ሲሰረዝ ይቅርታውስ? የሚጽፈው ሰው ይህንን ጥያቄ እንዳለ ትቶ ይሂድ፤ እንዳይመልሰው።

ባልና ሚስቱ እንዴት ይነጋገሩ? ንግግሬ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል ተባልኩ።

ጠብ ላይ ያለ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፤ ደግሞም ስለተጣላበት ነገር በቀጥታ አያወራም። ሰው አማቱን ሲጠላ ስለ ወጡ ጨው ነው የሚናገረው። ገጸ ባሕሪዎቻችሁ "ግንኙነታችን እየተበላሸ ነው" የሚሉ ከሆነ አስወጧቸው፤ እንዲህ የሚል ባል አላውቅም።

አጠራሩን ተጠቀሙበት። ደህና ሲሆኑ "ደሬ" የምትለው ሚስት ስትቀየም "ደረጀ" ትላለች፤ ሲብስ "አንተ ሰውዬ"፤ ከዚያም ሲያልፍ ስሙን ጨርሶ ትታ ለልጁ "አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው" ትላለች። አራት ደረጃ ነው፣ ማንም ማብራሪያ አይፈልግም። አማት "እርስዎ" ናቸው፤ ምራት በአንድ ትንፋሽ ወደ "አንቺ" ከወረደች ያ የታሪኩ ከፍተኛ ቦታ ነው፣ አታባክኑት። ሽማግሌ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ በጸሎት ይጀምራል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ራሱ ትዳር አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ ነው "እህ፣ ልጆቼ" የሚለው። ያንን ዙሪያ ጥምጥም ሙሉውን አትጻፉት፤ ግን ቀልዷን ተዉልን።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት አፍ አውጥተው "ይቅርታ" ሲባባሉ ብዙ አይሰማም። ይቅርታው የሚመጣው "በላህ?" ሆኖ ነው። "ቡና ላፍላ?" ሆኖ ነው። ጉርሻ ሆኖ ነው። የተዘረጋ ጉርሻ እንቢ ከተባለ ከጥፊ ይብሳል፤ ትዕይንት የሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሚስት አረብ አገር ሄዳ ባል ገንዘቧን በላባት የሚለውን ልጽፍ ነው። ተሰልችቷል?

ታሪኩ በየቀኑ ስለሚደርስ አልተሰለቸም፤ የተሰለቸው አጻጻፉ ነው። ሁልጊዜ ኤርፖርት ላይ ይጀምራል፣ ሁልጊዜ ሌላ ሴት አልጋ ላይ ትገኛለች። ሌላ ቦታ ጀምሩ። ውልና ማስረጃ ጀምሩት፤ ከመሄዷ በፊት ውክልና የምትሰጥበት ቀን። ሠራተኛው "አንብበሽዋል?" ይላታል። ወረፋው ረዥም ነው፣ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ቦርሳዋን ይዞላታል፣ ቦርሳዋን ስለያዘላትም ደስ ብሏታል። "አንብቤዋለሁ" ትላለች። የቀረውን በኢሞ ድምፅ መልእክቶች ብቻ ልትነግሩን ትችላላችሁ። አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ማስቀመጥም አያስፈልግም፤ ሰንዳፋ ላይ የቆመው ቤት የበሩ ቀለም እሷ ከመረጠችው ሌላ ሆኖ ብታገኘው ይበቃል።

ባልየውንም ጻፉት እንጂ። እሱ የሚጸጸት ከሆነ ታሪኩ ይከብዳል፤ ሌባ ብቻ ከሆነ የፖሊስ መዝገብ ነው።

ድብደባ ያለበት ትዳር ስጽፍ ምን ልጠንቀቅ?

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፦ የተደበደበች ሴት ጥላ በመሄዷ ስትጸጸት የሚያበቃ ታሪክ እንዳታመጡልኝ። "ችላ ብትኖር ኖሮ" የሚለው ቁጭት በሰፈሩ አፍ ውስጥ አለ፣ በእናቷ አፍ ሊኖር ይችላል፣ በእሷም ልብ አንዳንድ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፤ ይህንን መጻፍ እውነት ነው። ታሪኩ ራሱ ከሰፈሩ ጋር ተስማምቶ ሲጨርስ ግን ሌላ ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የተጠቀሰ ወንጀል ነው፤ ሽማግሌ በዕርቅ ቢሸፍነውም ወንጀል ነው። የጸጸቱን ሸክም ሌላ ሰው ላይ ጣሉት። ግድግዳውን ተሻግሮ ለዓመታት የሰማውና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደረገው ጎረቤት የት አለ? እሱን የሚጽፍ ይምጣ።

የራሴን ታሪክ ልጽፍ እችላለሁ? ሰዎቹ በሕይወት አሉ።

ትችላላችሁ፣ ግን የቀድሞ ሚስታችሁን ስም፣ ብሎክና መሥሪያ ቤት ይዛችሁ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል፤ ስም ማጥፋትም በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ነው። ሰው የራሱን ፍቺ ሲጽፍ ጠበቃ ይሆናል፤ ማስረጃ ይደረድራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ራሱን ነጻ ያወጣል። መድኃኒቱ ታሪኩን ከወዲያኛው ወገን መጻፍ ነው። ባል ከሆናችሁ በሚስት ዓይን፣ ያውም ትክክል የሆነችበትን ቀን መርጣችሁ። ይህንን ሞክሮ የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ረቂቁን ያሳጥረዋል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

ጋዜጣ ላይ ከሆነ አንድ ገጽ የሚሞላውን ያህል፤ ስልክ ላይ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። ሠርጉን፣ የልጆቹን መወለድና ፍቺውን በሙሉ መንገር ካማራችሁ የያዛችሁት ረዥም ልብወለድ ነው። ለአጭሩ አንድ ሌሊት ይበቃል።

በዕርቅ ብጨርሰው ይናቃል?

አይናቅም። ሳይደክሙበት የመጣ ዕርቅ ነው የሚናቀው። ፋሲካ ደረሰ፣ ዶሮ ተሠራ፣ ሁሉም ተቃቀፈ፤ ይህ ማስታወቂያ ነው። ዕርቁ አንድ ነገር ያስከፍል። ወንድሙን ይቅር ያለ ሰው የካሳውን ገንዘብ ለዘለዓለም ማጣቱን አምኖ ይቀመጥ፤ ይቅርታ የጠየቀችው እህት መልስ ሳታገኝ ሰሃን ትጠብ። በተቃራኒውም ተጠንቀቁ፤ ራሱን በማጥፋት የሚያልቅ የጸጸት ታሪክ በየሳምንቱ ይደርሰኛል፣ አብዛኛውንም ጊዜ ጸሐፊው መውጫ ስላጣ ነው። ሰው ተጸጽቶ በማግሥቱ ሥራ ይገባል። ሰርቪሱ ላይ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። እሱን ለመጻፍ ነው ድፍረት የሚጠይቀው።

ጽፌ ጨረስኩ። የት ላውጣው? ቢሰርቁኝስ?

ልማዱ አዲስ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን መነን መጽሔት፣ በደርግ ጊዜ የካቲት አጫጭር ልብወለዶችን ያወጡ ነበር፣ በኋላም አዲስ አድማስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንባቢ አድርሷል። ዛሬ አብዛኛው አንባቢ ቴሌግራም ላይ ነው። እዚያ ስማችሁ ተቆርጦ ታሪካችሁ በሌላ ሰው ቻናል ቢዞር አትደንግጡ፣ ግን ዝም አትበሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ መብቱ እንዲኖራችሁ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ የእናንተ መሆኑን ማሳየት ግን ይኖርባችኋል። ስለዚህ ረቂቁን ከነቀኑ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ የእጅ ጽሑፉን አትጣሉ፣ ሲወጣም ስማችሁን ከርዕሱ ሥር ብቻ ሳይሆን መሀል ላይ፣ በቀላሉ በማይቆረጥበት ቦታ አስገቡት።